የማኅበረሰብ ጥምረት በስብሰባ ብዛት አይመዘንም፦ ለቀረበው የምዘና ሐሳብ የተሰጠ ምላሽ

በሐዋሳ ከተማ ስለሚገኙ የማኅበረሰብ ጥምረቶች አደረጃጀትና አሠራር ባለፈው ወር የወጣውን ጽሑፍ ብዙዎቻችን አንብበነዋል። ጸሐፊው ጥምረቶቹ መመዘን አለባቸው ማለታቸው ትክክል ነው፤ እኔም ይህንኑ ስጠይቅ ቆይቻለሁ። የማልስማማው ባቀረቧቸው መመዘኛዎችና እነዚያን መመዘኛዎች ተከትለው በሰጧቸው ምክሮች ነው። ላላነበቡት ሐሳባቸውን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጥምረት የሚመዘነው በስብሰባው ብዛት፣ በቃለ ጉባኤው ጥራትና በሚሰበስበው ገንዘብ ነው ይላሉ። እድር የቀብር ማኅበር በመሆኑ የጥምረት መሠረት ሊሆን አይገባም፤ አባላቱ በአሜሪካ እንደሚደረገው ከ12 ዘርፎች ይውጣጡ፤ ሰብሳቢው የቀበሌ አስተዳዳሪ ይሁን፤ ለአባላቱ የስብሰባ አበል ይከፈል፤ ሁሉም ጥምረቶች በአንድ ቅጽ ተመዝነው ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በደረጃ ይቀመጡ የሚሉት ደግሞ ምክሮቻቸው ናቸው።

ከየት ሆኜ እንደምጽፍ አንባቢ ቢያውቅ ጥሩ ነው። በታቦር ክፍለ ከተማ በሚገኝ እድር በጸሐፊነት 11 ዓመት፣ በቀበሌያችን የማኅበረሰብ አቀፍ ክብካቤ ጥምረት ውስጥ ደግሞ በአባልነት 4 ዓመት አገልግያለሁ። እነዚህ ጥምረቶች በ2007 ዓ.ም. ይፋ ከሆነው ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ጋር ተያይዘው በየቀበሌው የተስፋፉ ሲሆን፣ ረዳት የሌላቸውን አረጋውያን፣ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትንና አካል ጉዳተኞችን መለየት፣ ከአካባቢው ሰው ገንዘብና ጉልበት ማሰባሰብ፣ ድጋፉም ለባለቤቱ መድረሱን መከታተል ሥራቸው ነው። ስለዚህ አንድን ጥምረት ስንመዝን የምንጠይቀው ጥያቄ ከዚህ ሥራ መነሣት ይኖርበታል።

በመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር፤ ረዘም አድርጌ የምጽፈውም በእርሱ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድን ቀበሌ ጥምረት አሠራር እንድናይ ከተጋበዝን ሰዎች አንዱ ነበርኩ። መዝገባቸው የሚያስቀና ነበር። ገጾቹ ተራ ቁጥር አላቸው፤ አጀንዳው ከላይ፣ ፊርማው ከግርጌ ተደርድሯል፤ ማኅተሙም ደምቆ ይታያል። ሳገላብጥ በጥቅምት ወር፣ ጣሪያቸው ስለሚያፈስባቸው አንዲት አረጋዊት እናት የተላለፈ ውሳኔ አገኘሁ፤ ቤታቸው እንዲጠገን በሙሉ ድምፅ ተወስኗል ይላል። የታኅሣሡ ቃለ ጉባኤ ደግሞ የዚሁ ውሳኔ አፈጻጸም ተገምግሞ በጥሩ ሁኔታ ላይ መገኘቱን ይገልጻል። እኛ የሄድነው በመጋቢት መጨረሻ፣ የበልጉ ዝናብ በበረታበት ሳምንት ነው። ከአዳራሹ ወጥተን እኚህን እናት ቤታቸው ሄደን ስናያቸው ከአልጋቸው ራስጌ ሰማያዊ የላስቲክ ሳፋ ተቀምጦ ፍሳሹን ይቀበላል፤ ሲሞላ የጎረቤት ልጅ መጥታ ትደፋላቸዋለች። ቆርቆሮው ተገዝቷል፤ ሚስማሩም ተገዝቷል፤ ሁለቱም ከነደረሰኛቸው በቀበሌው ዕቃ ክፍል ተቀምጠዋል። የጠፋው አናጺ የሚጠራ ሰው ነው። የሴቶች ተወካይዋ ወጣቶቹ ይጠሩታል ብላ፣ የወጣቶቹ ተወካይ ጽሕፈት ቤቱ ይጠራዋል ብሎ፣ ጽሕፈት ቤቱም ነገሩ የጥምረቱ ነው ብሎ አምስት ወር አለፈ። በዚያ ሁሉ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ማን እንደሚሠራውና እስከ መቼ እንደሚሠራው አልተጻፈም ነበር። በመጨረሻ የአካባቢው እድር ልጆች አንድ ቅዳሜ ጠዋት መሰላል ተበድረው ጣሪያውን መትተው ጨረሱት። ያ ጥምረት ግን በዚያው ዓመት በተደረገው ምዘና ቀዳሚ ሆኖ የምስክር ወረቀት ተቀብሏል።

ጸሐፊው ያቀረቡት ቅጽ ይህን ጥምረት ዛሬም አንደኛ ያወጣዋል። ስብሰባው አልተቋረጠም፤ ቃለ ጉባኤው ሙሉ ነው፤ ገንዘቡም ተሰብስቧል። ቃለ ጉባኤ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ እኔ ራሴ ዓመታት ሙሉ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቃለ ጉባኤ የሚነግረን ግን ሰዎች ምን እንደተባባሉ ነው፤ ምን እንዳደረጉ ለማወቅ ከአዳራሹ መውጣት ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ደግሞ ሰው የሚቆጠርለትን ማብዛቱ አይቀርም። ስብሰባ ሲቆጠር ስብሰባ ይበዛል፤ በአንድ ቀን ያልቅ የነበረው ጉዳይ ለሦስት ቀጠሮ ይከፋፈላል፤ ጊዜ የሌላቸው ነጋዴዎች፣ መምህራንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መቅረት ይጀምራሉ፤ አዳራሹ ውስጥ የሚቀረው ሌላ ሥራ የሌለው ሰው ይሆናል።

የገንዘቡ መመዘኛም ሚዛኑን የሳተ ነው። ሆቴሎችና የንግድ ቤቶች በተደረደሩበት በሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ አንድ ምሽት በሚዘጋጅ ገቢ ማሰባሰቢያ የሚገኘውን ገንዘብ፣ ገጠር ቀመስ ቀበሌዎችን ከያዘው ከሐዌላ ቱላ መጠበቅ አይቻልም። በሐዌላ ቱላ ሰው የሚያዋጣው የእንሰት ማሳ አርሞ፣ እንጨት ፈልጦ፣ ጭቃ ረግጦ ነው፤ ጸሐፊው ባዘጋጁት ሠንጠረዥ ውስጥ ደግሞ ለጉልበት መዋጮ የተተወ ዓምድ አላየሁም።

ስለ እድር የተባለው አሳዝኖኛል። ጸሐፊው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርን በሥሩ እንዳላካተተ ጠቅሰው፣ እድር ሕጋዊ አቋም የሌለው የቀብር ስብስብ ነው ወደሚል ድምዳሜ ደርሰዋል። አዋጁ እድርና እቁብን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ማውጣቱ እውነት ነው። በእኔ ግንዛቤ ግን ይህ እድርን በራሱ ሥርዐት ይተዳደር ብሎ መተው ነው እንጂ ሥርዐት የለውም ማለት አይደለም። ማንኛውም የእድር አባል እንደሚያውቀው መተዳደሪያ ደንብ፣ የተመረጠ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ሒሳብ መርማሪ አሉ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱና ብርጭቆው ሳይቀር በመዝገብ ተቆጥሮ ይወጣል፤ ተቆጥሮ ይገባል፤ የጎደለውን ያጎደለው ሰው ይተካል። ለቀብር ያረፈደ ይቀጣል፤ የቀረ ከዚያ የበለጠ ይቀጣል፤ ደጋግሞ የቀረ ይመከራል፤ አልመለስ ካለ ይሰረዛል። የጋራ ሀብት አስተዳደርን በማጥናት በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ኤሊኖር ኦስትሮም ለረጅም ጊዜ ጸንተው በቆዩ ማኅበረሰቦች ውስጥ ካገኟቸው 8 መርሆች አንዱ ቅጣት ከቀላል ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚል መሆኑ ነው። ሌላው የሚቆጣጠሩት ሰዎች ከተጠቃሚዎቹ መካከል የወጡ ወይም ለእነርሱ ተጠሪ የሆኑ መሆናቸው ነው። ሁለቱንም እናቶቻችንና አባቶቻችን በእድር ሲሠሩባቸው ኖረዋል።

እድር ለሞተ ብቻ ነው የሚለውም ቢሆን ከቆየ ዘመን የቀረ አስተያየት ነው። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ኤድስ በየሰፈሩ ሰው ሲጨርስ በብዙ ከተሞች እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመመ ማስታመም፣ የሟች ልጆችን ማስተማርና መደገፍ ጀመሩ። ቀብር በየቀኑ ሲሆን ገንዘቡ እንደሚያልቅ፣ ሰውን በሕይወት ማቆየት ለእድሩም እንደሚበጅ ገባቸው። ጥምረት ማቋቋም የፈለገ ሰው ይህን ቀድሞ የተገነባ መተማመን ትቶ ከባዶ እንዲጀምር መምከር አይገባኝም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጣቸው እውነት አለ። በብዙ እድሮች አመራሩን የያዙት ወንዶች ናቸው። ሴቶች በራሳቸው የሴቶች እድር ወይም በጓዳው ሥራ ላይ ይቀራሉ። ተከራይና አዲስ መጤ ደግሞ የመግቢያ ክፍያው ስለሚከብደው ከውጭ ይቆማል። ጥምረቱ እድርን መሠረት ሲያደርግ ይህን ጉድለት አብሮ እንዳይወርስ መጠንቀቅ አለበት። ጸሐፊው ይህን ማንሣታቸው ጠቃሚ ነው፤ መድኃኒቱ ግን እድሩን ማስወጣት አይመስለኝም፤ እድር የሌላቸው ሰዎች በራሳቸው ተወካይ እንዲገቡ ማድረግ ነው።

ስለ 12ቱ ዘርፎች የቀረበው ሐሳብ ምንጩ ይታወቃል። በአሜሪካ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ወጣቶችን ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ለመከላከል ለሚሠሩ የአካባቢ ጥምረቶች የመንግሥት ድጋፍ ይሰጣል። ድጋፉን የሚጠይቅ ጥምረት ከወጣቶች፣ ከወላጆች፣ ከንግዱ ማኅበረሰብ፣ ከመገናኛ ብዙኃን፣ ከትምህርት ቤት፣ ከፖሊስ፣ ከሃይማኖት ተቋማት፣ ከጤና ባለሙያዎችና ከመሳሰሉት በድምሩ ከ12 ዘርፎች አባላት ሊኖሩት ይገባል። ጸሐፊው ይህን በትክክል ጠቅሰዋል። ያልጠቀሱት ግን ሕጉ ጥምረቱ ከማመልከቱ በፊት አባላቱ ቢያንስ 6 ወር አብረው ሠርተው እንዲገኙ የሚጠይቅ መሆኑን፣ ከመንግሥት ለሚሰጠው ገንዘብም ከአካባቢው ተመጣጣኝ መዋጮ የሚፈልግ መሆኑን ነው። አብሮ መሥራቱ ቀድሞ፣ ገንዘቡ ተከትሎ ይመጣል። እኛ ዘርፎቹን ብቻ ቆጥረን ብንወስድ ስም ዝርዝር እናገኛለን፤ ያ ስም ዝርዝር አብሮ ሠርቶ አያውቅም።

የውጭ ልምድ ከተነሣ ደግሞ ለምዘና የሚበጀን ሌላ አለ። በዚያው አገር በ7 ግዛቶች የሚገኙ 24 አነስተኛ ከተሞች ተመርጠው በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። በ12ቱ ጥምረቶች ተቋቁመው ሥልጠናና ክትትል አገኙ፤ 12ቱ በነበሩበት ቀጠሉ። ተመራማሪዎቹ ከ4,400 በላይ ተማሪዎችን ከ5ኛ ክፍል ጀምረው ለዓመታት ጠየቁ። ጥምረት በነበራቸው ከተሞች አልኮልና ሲጋራ የጀመሩ፣ በጥፋት የተሳተፉ ልጆች ቁጥር አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። እዚያ ጥምረት ይጠቅማል ለማለት ያስቻለው የልጆቹ መልስ ነው። እኛም አገር ለዚህ ሩቅ አይደለንም፤ በትግራይ በአብይ ዓዲና በሕንጣሎ ወጀራት የክብካቤ ጥምረቶች ተረጂዎችን በለዩበት የገንዘብ ድጋፍ ሙከራ ላይ ጥናት ያደረጉት መቀሌ ዩኒቨርሲቲና አጋሮቹ የሄዱት ወደ ተረጂዎቹ ቤት ነው። ውጤት ለመለካት አስቸጋሪ ስለሆነ እንቅስቃሴ እንቁጠር የሚለው የጸሐፊው መከራከሪያ ከዚህ በኋላ ብዙም የሚቆም አይመስለኝም።

የቀበሌ አስተዳዳሪ ሰብሳቢ ይሁን ለሚለው የተሰጠው ምክንያት ጽናት ነው፤ መንግሥት ካለ ጥምረቱም አለ ይላሉ። እኔ ያየሁት የተገላቢጦሽ ነው። አስተዳዳሪ ይሾማል፤ ይዛወራል፤ ይነሣል። እኔ በጥምረቱ በቆየሁባቸው 4 ዓመታት ሦስት አስተዳዳሪዎች ተቀያይረዋል፤ ሁሉም ቅን ሰዎች ነበሩ፤ ሆኖም አንዱ ሲሄድ የጀመረው ጉዳይ አብሮት ይሄዳል፤ አዲሱ መዝገቡን አንብቦ እስኪለምድ ሁለት ወር ያልፋል። በእድራችን ግን ገንዘብ ያዡ እንኳ ቢታመም ቁልፉ የማን እጅ እንደሚገባ ደንቡ ላይ ተጽፏል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱ የበለጠ ያሳስበኛል። ቀበሌ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የተፈጠረ ተቋም ነው። ሰው ቀበሌን የሚያውቀው መታወቂያ ሊያወጣ፣ ማስረጃ ሊያጽፍ፣ ቤት ሊጠይቅ ሲሄድ ነው። ነገ መታወቂያ የሚያድስለት ሰው ዛሬ ስብሰባ ሲመራ ማን እጁን አውጥቶ «ይህ ውሳኔ ስሕተት ነው» ይላል? ያን በሙሉ ድምፅ ተወስኗል የሚለውን ሐረግ መዝገቦቻችን ውስጥ ያበዛው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በምንኖርበት በሲዳማ ምድር «አፊኒ» የሚባል የምክክር ሥርዐት አለ። ቃሉ በሲዳሙ አፎ «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት ነው። ነገሩ ለሁሉም ሳይደርስ፣ የሚቃወመውም ሳይሰማ ሽማግሌዎች ውሳኔ አያሳርፉም። ጥምረትን ስመዝን ከሁሉ አስቀድሜ የምፈልገው በመዝገቡ ውስጥ የተቃወመ ሰው ስምና ምክንያት ተጽፎ እንደሆነ ነው። በዓመት ውስጥ አንድም ተቃውሞ ያልተጻፈበት መዝገብ ሰዎቹ የተስማሙበት ሳይሆን የፈሩበት ሊሆን ይችላል። አስተዳዳሪው በአባልነት ይግባ፤ የጽሕፈት ቤቱን በር ይክፈትልን፤ ሰብሳቢውን አባላቱ ይምረጡ።

በዚህ አጋጣሚ ስለ አንድ ቃል ልናገር። «ግምገማ» የሚለው ቃል በእኛ አገር ብዙ ሰው አስጨንቋል፤ ሲሰማው ሒስና ግለ ሒስ፣ ከዚያም ከቦታ መነሣት ትዝ የሚለው ሠራተኛ ብዙ ነው። ለዚህ ነው እኔ «ምዘና» የሚለውን የመረጥኩት። ቃሉ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ከላይ የመጣ ቡድን መዝኖ የሚሄድበት ጥምረት ጉድለቱን ይደብቃል፤ መደበቁም የሚጠበቅ ነው።

ስለ አበሉ ባጭሩ። ከሩቅ ለሚመጣ የትራንስፖርት ወጪ መመለስ ተገቢ ነው። ለተቀመጡበት ሰዓት መክፈል ግን ጥምረቱን የፊርማ ወረቀት ያደርገዋል። አበል በሚከፈልባቸው ስብሰባዎች የፊርማው ወረቀት እስኪዞር ድረስ የተቀመጠ ሰው ወረቀቱ ካለፈው በኋላ አንድ በአንድ ሲወጣ አይተናል። ገንዘቡ ያለቀ ዕለት ጥምረቱም ያልቃል።

የመጨረሻው፣ ሁሉንም በአንድ ቅጽ መዝኖ በደረጃ ማስቀመጥ የሚለው ነው። የሐዋሳ ሐይቅን ዳርቻ ለመጠበቅ የተሰባሰቡ ዓሣ አስጋሪዎች፣ የጀልባ ባለቤቶችና ወጣቶች ያሉበትን ጥምረት እንውሰድ። ሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ በጥቁር ውኃ ወንዝም ሆነ በከተማው ቦይ የሚገባው ደለልና ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ዘመን ቢቆጠርም፣ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ የሚጥልን ሰው በሌሊት የሚያየው አጠገቡ የሚያሰግረው ሌላው አስጋሪ ነው። የዚህ ጥምረት ሥራ የሚታየው በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል ማለዳ በሚወጣው የቆሮሶ ዓሣ መጠን፣ ትንንሾቹ ወደ ውኃ መመለስ አለመመለሳቸው ላይ ነው። ይህን ከአረጋውያን ክብካቤ ጥምረት ጋር በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጦ አንዱን ሦስተኛ፣ ሌላውን ዘጠነኛ ማለት ለማንም ምንም አይነግርም። የደረጃው ሰንጠረዥ ሲለጠፍ የሚከሰተውንም እናውቃለን፤ መጨረሻ የወጣው ጥምረት በቀጣዩ ዓመት የሚያሻሽለው ሪፖርቱን ነው።

በምትኩ የማቀርበው ቀላል ነው፤ ቅጽም ብዙ ወረቀትም አይፈልግም። ከመዝገቡ ከሦስት ወር በፊት ከተላለፉ ውሳኔዎች ጥቂቱን በዕጣ ማውጣት፣ ከዚያም እያንዳንዱን ከአዳራሹ እስከ ባለጉዳዩ ደጃፍ መከተል ነው። ኃላፊነቱን ማን ወሰደ? እስከ መቼ? ገንዘቡ በማን እጅ ወጣ? ባለጉዳዩ ስለ ውሳኔው ሰምቷል ወይ? ደርሶታል ወይ? ካልደረሰው በየትኛው ሰው እጅ ላይ ቆመ? ይህን የሚጠይቁት ከሌላ ቀበሌ ጥምረት የመጡ ሁለት አባላትና ከተረጂዎቹ ራሳቸው የተመረጠ አንድ ሰው ቢሆኑ ጥያቄው ጠንካራ ይሆናል፤ የሚጠየቀውም አይፈራም። ሰብሳቢው በሌለበት ሳምንት ሥራ ቀጥሎ እንደሆነም ይታይ። ጸሐፊው በዓመት አንድ ጊዜ ሒሳብ በውጭ መርማሪ ይታይ ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ገንዘብ ያዥነት ያለ ምርመራ ሐቀኛውንም ሰው ለሐሜት ያጋልጣል።

እኛ በቀበሌያችን ይህን ካለፈው ሩብ ዓመት ጀምሮ ሞክረነዋል። ውሳኔዎቹ ኃላፊነቱን ከወሰደው ሰው ስም ጋር በእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በድምፅ ይነበባሉ። በመጀመሪያው ንባብ ሦስት ውሳኔዎች ከቆሙበት እንዳልተንቀሳቀሱ ታወቀ። ከእነርሱ አንዱ አያቱ ጋር ለሚኖር ልጅ የደብተርና የዩኒፎርም መግዣ ነበር፤ ተመድቦ የነበረው አባል ሥራ ቀይሮ ከከተማ ወጥቶ ኖሮ ጉዳዩን የተረከበው አልነበረም። አያትየው እዚያው ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ተነሥተው ልጁ ትምህርት ቤት የሚሄደው በታላቅ ወንድሙ ሸሚዝ መሆኑን ነገሩን፤ በነጋታው ሌላ ሰው ተመደበ፤ በሳምንቱም ተገዛ። ሁለቱ ግን አሁንም አልተፈጸሙም። የሚቀጥለው ንባብ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት በእድሩ አዳራሽ ነው፤ የጽሑፉ ባለቤት ቢመጡ ከመዝገቡ የፈለጉትን ገጽ ራሳቸው ገልጠው የፈለጉትን ውሳኔ መርጠው እስከ ባለጉዳዩ ቤት አብረን መሄድ እንችላለን።